ጭሰኛውን በካሜራ ያየው ሰው፦ ኃይሌ ገሪማ

ባለፈው ስለ 1966ቱ ረሃብ ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ሪያድ ነው ያለው፣ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ያኔ የኛን ገበሬ በፊልም ያነሳው ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ? የኛ ሰው አልነበረም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አጭር ነው፣ መልሱ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ለብቻው ልጽፈው አልኩ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረት ስጽፍ ግን እንዳይምታታባችሁ፦ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ፣ ሌላው በሙሉ የፈረንጅ ነው።

መጀመሪያ የፈረንጁን ነገር እንጨርስ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታ ተሰበሰበ። ከዚያ ዓመት አልሞላም፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ቆራርጦ፣ የቤተ መንግሥቱን ድግስና ኬክ መሀል መሀሉ ላይ አስገብቶ፣ ለአዲስ ዓመት ማታ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግስቱ ጠዋት ጃንሆይ ወረዱ። ከደሴ እስከ ቆቦ በመኪና መንገዱ ዳር የወደቀው ወገናችን መጀመሪያ ለእንግሊዝ ተመልካች ማሳዘኛ፣ ቀጥሎ ለወታደር ሥልጣን መያዣ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ጊዜ ሰውየው ሲናገር አንሰማውም። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የምንሰማው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። እዚህ አካባቢ ያደግን ሰዎች ይሄ ነገር ይቆጠቁጠናል። አያቶቻችንን ፊልም ላይ የምናገኛቸው በዚያ መልክ ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ጥያቄው ስመጣ፦ ነበረ። በዚያው በ1974፣ አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊልም የሚማር የ28 ዓመት ጎንደሬ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋለት ካሜራ ተሸክሞ አገሩ መጣ። ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር የቀረጸው። ሲመለስ ግን በአማርኛ የሚናገር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ የሚያወራ ፊልም ይዞ ነው። የፊልሙ ስም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ሰውየው ኃይሌ ገሪማ ነው።

ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችኋል። «ጤዛ»ን ያያችሁም አላችሁ። ሆኖም ስለ ሰውየው አካሄድ በቅጡ ሲወራ አልሰማም። የመንግሥት ሚዲያው ሽልማት ሲያገኝ ያነሳዋል፣ ከዚያ ዝም። የታሪክ አስተማሪ እንደመሆኔ ኃይሌ ገሪማን ከሽልማቱ ይልቅ በሌላ በኩል ነው ማየት የምፈልገው፦ ሃምሳ ዓመት ሙሉ «የራሴን ታሪክ ራሴ እናገራለሁ» ብሎ ዋጋውን የከፈለ ሰው ነው።

የተወለደው ጎንደር ነው፣ መጋቢት 4 ቀን 1946። በኛ ስትቆጥሩት የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ይመጣል። የካቲት 25ን የምታስታውሱ አላችሁ? አሥረኛ ክፍል እያለን ደጋግመን ያየናት ቀን ናት፤ የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የታወጀባት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። ልክ 29ኛ ዓመት ልደቱ ላይ ማለት ነው። አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ።

አባቱ አቶ ገሪማ ታፈረ ናቸው። አርበኛ ነበሩ፣ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን ስለ ጎንደር አርበኞች የሚናገረውን መጽሐፍ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ቴአትርም ይደርሱ ነበር፣ ልጃቸውም በቴአትራቸው ላይ ይጫወት ነበር። ሌላ ትምህርት ቤቱ ደግሞ እሳት ዳር የሚወራው የአያቱ ተረት ነበር። ኃይሌ ራሱ ደጋግሞ ይናገረዋል፣ ታሪክ መተረክ የተማርኩት ከፊልም ትምህርት ቤት በፊት ቤቴ ነው ይላል።

ግን ጎንደር ሲኒማ ቤትም ነበራት። ጣሊያን ሕንፃ የሠራባቸው ከተሞች እንዲህ ናቸው፣ ሲኒማ አይጠፋቸውም። በዚያ ሲኒማ ቤት የሚታየው የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ካውቦይና ታርዛን። ኃይሌ ስለዚህ ሲያወራ መስማት ያስቃልም ያሳዝናልም። ከፊልሙ ወጥተው ጎንደር ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች ላይ ካውቦይና ሕንድ ይጫወታሉ፣ ማንም ሕንድ መሆን አይፈልግም። ታርዛን አፍሪካውያንን ሲያሸንፍ ያጨበጭባሉ። አባቱ ጣሊያንን የተዋጋ ልጅ፣ ሲኒማ ውስጥ ከነጩ ጋር ሆኖ ጥቁሩን ያባርራል! የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር አሉ የጠራው። እኛ ስንሰማው «የድሮ ሰው» ብለን እንስቃለን። እኔ ግን አንዳንዴ ያ ስም ያን ያህል የሚያስቅ አይመስለኝም። ዛሬ የኔ ተማሪዎች የቱርክ ተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርያትን ስም ከነአባታቸው ይዘረዝሩልኛል፣ የዚህን አካባቢ አርበኛ ሁለት ጥሩ ብላቸው ግን ጣራ ጣራ ነው የሚያዩት።

ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ። የሄደው ለፊልም አልነበረም፣ ቺካጎ ጉድማን የሚባል የድራማ ትምህርት ቤት ተዋናይ ለመሆን ነው። እዚያ ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ስለሆነ የሚሰጠው የአሽከር ሚና ነው። የነጮች ቴአትር ውስጥ ትሪ ይዞ ገብቶ ትሪ ይዞ የሚወጣ። አገሩ በአባቱ መድረክ ላይ ያደገ ሰው ይሄን እንዴት ይችላል? አልቻለም። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በ1970 ዩሲኤልኤ ገባ፣ ከተዋናይነት ወደ አዘጋጅነት ተሻገረ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ዩሲኤልኤ በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ቦታ ሆኖ ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በ1965 በአመፅ ነድዷል፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያ ገና ትኩስ ነው፣ የቬትናም ጦርነት አላለቀም። ዩኒቨርሲቲው ከሆሊውድ አጠገብ ነው፣ በእግር ሊደረስ ምንም አይቀረው። በዚያ ቦታ የተሰበሰቡ ጥቁር ተማሪዎች ግን ጀርባቸውን ለሆሊውድ ሰጡ። ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድቤሪ... ኃይሌም ከመካከላቸው ነው። የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች በኋላ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» ብለው ሰየሟቸው። አንዱ የሌላውን ካሜራ ይይዛል፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይቀርጻል፣ ገንዘብ የሚባል የለም። እዚህ አገር ደቦ የምንለው ማለት ነው። ደቦ ጠርተው ፊልም ሠሩ።

የኃይሌ የመጀመሪያ ሥራዎች አጫጭር ናቸው። «አወር ግላስ» 1971፣ ቀጥሎ «ቻይልድ ኦቭ ሬዚስታንስ» 1972። ሁለተኛው የመጣው አንጄላ ዴቪስ እጇ በካቴና ታስራ በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ካለመው ሕልም ነው። ከዚያ «ቡሽ ማማ» መጣ። ዶሮቲ የምትባል የሎስ አንጀለስ ድሃ እናት አለች፤ ባሏ ከቬትናም ተመልሶ ባልሠራው ወንጀል ይታሰራል፣ እሷን ደግሞ የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ ሆድሽ ውስጥ ያለውን ልጅ አስወርጂ እያለ ያስጨንቃታል። የፊልሙ መግቢያ ላይ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ያ ትወና አይደለም። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ቀረጻ ላይ የነበሩትን የኃይሌን ጓደኞች እውነት አስቁሟቸው ነው። ካሜራው አልጠፋም ነበር፣ ኃይሌም ምስሉን አልጣለውም። ፊልሙ ሊናገር የፈለገውን ፖሊሶቹ ራሳቸው መጥተው ሠሩለት።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ የሚሠራው ገና ተማሪ ሆኖ ነው። እና በዚሁ መሀል ነው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚመጣው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ በትንሿ 16 ሚሊሜትር የተቀረጸ። ተዋናዮቹ ሙያተኞች አይደሉም። ታሪኩን ላሳጥረው፦ አንድ ቤተሰብ በአንድ ባላባት መሬት ላይ ያርሳል። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሳደባል፣ ያዛል። ቤተሰቡ ከጨለማ እስከ ጨለማ ይሠራል። ልጅቷ ከብት ትጠብቃለች። አንድ ቀን ጎርፍ ይመጣል፣ የባላባቱን ላም ለማዳን ትገባና ይወስዳታል። ከበበ የሚባል፣ ሰው ሁሉ «እብድ» የሚለው ሰው አለ። አገሩን ብሎ ዘምቶ ሲመለስ መሬቱን ባላባቱ ወስዶበት ያገኘ ሰው ነው፣ ድልድይ ስር ነው የሚኖረው። በመንደሩ ውስጥ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገረው ይሄ «እብድ» ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ባላባቱን በዱላ ገደለው። የቤተሰቡ ወንድ ልጅ ደግሞ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መንደሩን ጥሎ ይሄዳል።

ሁለት ሰዓት ተኩል። ፈጣን ፊልም ለለመደ ሰው ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አልዋሻችሁም። አንዱ ገበሬ ሲያርስ ዝም ብሎ ያሳያችኋል። ያርሳል፣ ያርሳል፣ ያርሳል። እኔ መጀመሪያ ሳየው «ቁረጠው እንጂ!» ብያለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ማረስ እኮ እንደዚያ ነው! አንድ ጥማድ መሬት በአንድ ደቂቃ ፊልም አይታረስም። ሆሊውድ ቢሆን ሁለት ፈር አሳይቶ ወደ ፍቅሩ ይሄድ ነበር። ኃይሌ ድካሙን እንድትቆጥሩት ነው ያስቀመጣችሁ። እዚህ የአላውሃን ማዶና የመርሳን ሜዳ ሲያርስ የኖረ ሰው ይሄን ፊልም ቢያይ ከኛ ቀድሞ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ይሄን ከዲምብልቢ ፊልም ጎን አስቀምጡት። ዘመኑ አንድ ነው። ድህነቱም አንድ ነው። በእንግሊዙ ፊልም ገበሬው ይሞታል፣ ምክንያቱ ዝናብ ይመስላል። በኃይሌ ፊልም ገበሬው ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ሕልም ያልማል፣ ምክንያቱም ዝናብ ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ዝናቡማ ሲመጣ ነው ልጅቷን የወሰዳት! ገበሬው ከሚያመርተው ስንቱን ለማን ይሰጥ ነበር የሚለው ጥያቄ ፊልሙ ውስጥ እያንዳንዱ ደቂቃ ላይ አለ። የ66ቱን ረሃብ ክፍል ውስጥ ሳስተምር የምጨነቀው በዚህ ነው። መጽሐፉ «ድርቅ» ይላል። የኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ሲያወሩት ግን እኩል አራሽነት፣ ሲሶ፣ ዕዳ እያሉ ነው። በዚያ ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲያልቅ የመሬቱ ባለቤት አላለቀም። «መሬት ላራሹ» ብለው ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ በ1957 ዓ.ም. ሲወጡ የጮኹለት ሰው ይሄ ነው፣ ግን እነሱም ቢሆኑ ስለሱ ጮኹ እንጂ አፉን አልሰጡትም።

ፊልሙ በ1976 ሎካርኖ ላይ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ተሸለመ። ፈረንሳይ ውስጥም ሽልማት አገኘ። ኃይሌ ግን አገሩ ሊገባ አልቻለም፣ ደርግ መጥቷል፣ ጓደኞቹ እየታደኑ ነው። ሊማር የሄደው ሰው ሳያስበው ስደተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አርመኖችን ታውቃላችሁ። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ አይተው ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች አርመን ነበሩ፣ የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። አርመኖች ከ1915ቱ እልቂት በኋላ ዓለም ላይ የተበተኑ ሕዝብ ናቸውና ከመካከላቸው ብዙ የጥበብ ሰው ወጥቷል። አንዱ ካይሮ ተወልዶ ካናዳ ያደገው አቶም ኢጎያን ነው፣ በ2002 «አራራት» የሚባል ስለዚያው እልቂት የሚናገር ፊልም ሠርቷል። ኢጎያን ፊልሙ ውስጥ ደጋግሞ የሚጠይቀው ያላየነውን ነገር እንዴት እናስታውሰው የሚለውን ነው። የኃይሌ ጥያቄ ይለያል፦ ያየነውን ነገር ማን ነው እንድንረሳው የሚያደርገን? የስደተኛ ካሜራ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ወደ ኃይሌ ልመለስ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተማሪ ሆነ። ሃዋርድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል። አስተማሪ ነኝና ይሄ ክፍል ለኔ ከሽልማቱ ሁሉ ይበልጥብኛል። የስፓይክ ሊን «ማልኮም ኤክስ» የቀረጸው ኤርነስት ዲከርሰን እሱ ጋ ተምሯል። «ሰልማ»ን የቀረጸው፣ በ«አራይቫል» ለኦስካር የታጨው ብራድፎርድ ያንግም የሱ ተማሪ ነው። አርተር ጃፋም እንዲሁ። ሆሊውድ በር ላይ ቆሞ አልገባም ያለ አስተማሪ፣ ተማሪዎቹ የጥቁር ሰው ፊት በፊልም ላይ እንዴት ብርሃን እንደሚይዝ ለሆሊውድ አሳዩት። ደመወዙም እዚያው ነው፣ ፊልሙ ዳቦ አላበላውም። ማስተማሩ ነው ፊልሙን ያበላው።

በ1982 «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ»ን ሠራ፣ ከቬትናም ተመልሶ ራሱን ስላጣ ጥቁር ወታደር ነው። ጦርነት አልቆ ጦርነቱ ከሰውየው ውስጥ ስላልወጣለት ሰው። እሱንም የሚያከፍል ድርጅት ስላልተገኘ ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው ማይፌዱህ ፊልምስ የሚባል የራሳቸውን ማከፋፈያ አቋቋሙ።

ይሄ ማከፋፈያ ነው እንግዲህ ለ«ሳንኮፋ» የደረሰለት። «ሳንኮፋ» የጋና አካኖች ቃል ነው፣ ወደኋላ ተመልሰህ የረሳኸውን አምጣ እንደማለት። ሞና የምትባል ዘመናዊ ሞዴል ጋና ውስጥ ባሪያ ይጫንበት የነበረ ግንብ ጋ ፎቶ ስትነሳ፣ ያ ቦታ ይይዛትና ራሷን በእርሻ ላይ የምትሠራ ባሪያ ሆና ታገኘዋለች። ኃይሌ ይሄን ለመሥራት ገንዘብ ሲለምን ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። ባሪያ ሲያምፅ የሚያሳይ ፊልም፣ ያውም ነጭ አዳኝ የሌለበት፣ ማን ይከፍልበታል? በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ሲመለስ አንድም አከፋፋይ አልገዛውም። አንድም!

ታዲያ ምን አደረገ? ሲኒማ ቤት ተከራየ። ዋሽንግተን ላይ አንድ አዳራሽ ተከራይተው ራሳቸው ትኬት ሸጡ። የጥቁር ማኅበረሰቡ፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የተማሪ ማኅበራት፣ ፀጉር ቤቶች ወሬውን አዛመቱት። ሰልፉ መንገድ ሞላ። ከዚያ በሚቀጥለው ከተማ እንደዚያው፣ በሚቀጥለው እንደዚያው። ወደ 35 ከተማ ዞረ። አውቶብስ እየያዙ ከሌላ ከተማ የሚመጡ ነበሩ። እኔ ይሄን ስሰማ የሚታየኝ አዝማሪ ነው፣ ማሲንቆውን አንግቶ ከሰርግ ሰርግ የሚዞር። ከፊልሙ በተገኘው ገንዘብ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ «ሳንኮፋ» የሚባል መጽሐፍ ቤትና ቡና ቤት ከፈቱ። ዛሬም አለ። ዲሲ ያላችሁ ወዳጆቼ ሂዱና ፎቶ ላኩልኝ።

ይሄው ፊልም ከ28 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2021፣ ኤቫ ዱቬርኔይ ባቋቋመችው ድርጅት በኩል ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በዚያው ወር የኦስካር ሰዎች ሎስ አንጀለስ ላይ አዲስ የፊልም ሙዚየም ሲከፍቱ ኃይሌን ሸለሙት። እዚያው መድረክ ላይ ሶፊያ ሎረንም ተሸልማለች። የጎንደር አርበኛ ልጅና የጣሊያን ሲኒማ ንግሥት በአንድ ምሽት! አቶ ገሪማ ታፈረ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

«አድዋ»ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ 1999 ነው የወጣው። ሰነድ ፊልም ነው፣ ግን ፕሮፌሰር ተቀምጦ የሚያስረዳበት አይነት አይደለም። ሽማግሌ፣ ሥዕል፣ ዘፈን፣ ፉከራ ነው። እኔ ለየካቲት 23 ክፍል ውስጥ በስልኬ ድምፁን አሰምቼ አውቃለሁ፣ ፕሮጀክተር የለንማ።

አሁን «ጤዛ»። በ2008 ነው የወጣው። ለመሥራት 14 ዓመት ፈጀ። ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» ስንቶቻችሁ ተወልዳችሁ ትምህርት ቤት ገብታችኋል። አንበርብር የሚባል ሰው በ1970ዎቹ ጀርመን ሕክምና ይማራል፣ ከጓደኞቹ ጋር አብዮት ያልማል። ደርግ ሲመጣ አገሩ ይገባል፣ ጓዶች በጓዶች ላይ ሲነሱ ያያል፣ ወዳጁ ተስፋዬ በሰው ፊት ይገደላል። ጀርመን ተመልሶ ደግሞ በዘረኞች ጥቃት አንድ እግሩን ያጣል። በ1990 ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ እናቱ ቤት፣ በምርኩዝ ይመለሳል። እዚያም ሰላም የለም። ወታደር ልጆችን ለጦርነት ያፍሳል፣ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ከመንደሩ በላይ ኮረብታው ላይ የሙሶሊኒ ዘመን ሐውልት ቆሟል። አባቱ ጣሊያንን ሲዋጋ የሞተበት ልጅ እዚያ ሐውልት ስር ተቀምጦ ማን እንደሆነ ለማስታወስ ይታገላል።

ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ። ካርቴጅ ላይ የወርቁን ታኒት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ፌስፓኮ ላይ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። የአፍሪካ ፊልም ትልቁ ሽልማት እሱ ነው።

ስለ «ጤዛ» ብዙ ማለት ይቻላል፣ እኔ አንዷን ትዕይንት ብቻ ላንሳ። እናት ወንድ ልጇን ከወታደር ለመደበቅ ስትሯሯጥ የምታሳየዋን። እዚህ ሰሜን ወሎ፣ ባለፉት ዓመታት ያየነውን ላየን ሰዎች፣ ያቺ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ፊልሙ ስለ ደርግ ነው ብላችሁ ጀምራችሁት መሀል ላይ ስለ መቼ እንደሆነ ይጠፋባችኋል። አንዳንድ ሰው ኃይሌን «ጨለምተኛ ነው» ይለዋል፣ «ሁሉንም ወገን ወቀሰ» ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ኢሕአፓም መኢሶንም ደርግም የየራሳቸው ጸሐፊ አላቸው፣ ሁሉም መጽሐፍ ጽፏል፣ ሁሉም ራሱን ንጹሕ አድርጓል። የሦስቱንም ልጆች የቀበረችው እናት ግን መጽሐፍ አልጻፈችም። ኃይሌ ካሜራውን እሷ ቤት ነው ያስቀመጠው።

ወቀሳ ካለኝ ሌላ ነው። ፊልሞቹ ውስጥ ሰዎቹ አንዳንዴ ንግግር ያበዛሉ፣ አዘጋጁ በነሱ አፍ የሚያስተምረን ይመስላል። «ሳንኮፋ» ላይም «ጤዛ» ላይም አለ። አስተማሪነቱ ነው መሰለኝ። የሙያ በሽታ ነው፣ ይሄ ጽሑፍም ምስክር ነው።

ዛሬ ልጁ መራዊ ገሪማም ፊልም ሠሪ ነው። «ረዚዱ» የሚል ፊልሙ በ2020 ወጥቷል፤ ያደገበት የዋሽንግተን ሰፈር ድሃው ወጥቶ ሀብታም ሲገባበት ያሳያል። አያት ጎንደርን ጻፉ፣ አባት ገበሬውን ቀረጸ፣ የልጅ ልጅ ዲሲን ይቀርጻል። ኃይሌ ራሱ ደግሞ ለብዙ ዓመት «የአድዋ ልጆች» በሚል ሐሳብ በሁለተኛው የጣሊያን ወረራ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። በ1935 ጣሊያን ሲመጣ ወታደር ብቻ አልነበረም የመጣው፤ ሉቼ የሚባለው የፋሽስት መንግሥት የፊልም ተቋም ካሜራ አንሺዎቹን ይዞ አብሮ ዘምቷል። ማይጨው ላይ፣ ደሴ ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ አያቶቻችንን ቀርጸዋል። ያ ፊልም ዛሬም ሮም ነው ያለው። የኛ ሰዎች ምስል በነሱ ሣጥን ውስጥ ነው ተቆልፎ የተቀመጠው፣ ሥር የተጻፈው መግለጫም የነሱ ነው።

እንግዲህ ለሪያዱ ተማሪዬ መልሴ ይሄ ነው፦ የኛ ሰው ነበረ፣ አለም። ያ በፊልሙ መጨረሻ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የሄደውን ልጅ ደግሞ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከሀብሩ በየዓመቱ ስንቱ እንደሱ ተንጠልጥሎ ወጣ? በጅቡቲ በረሃ፣ በየመን ባሕር። ያኔ ከባላባት ሸሽቶ ነበር፣ አሁን ባላባት የለም፣ መሬቱም ለሦስት ወንድማማች አይበቃም። ይሄን ማን ቀረጸው?

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ1966 ሃያ ዓመት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል። ግራና፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ወልድያ ዙሪያ እኩል አራሽ የነበሩ፣ ለባላባት የገበሩ፣ በረሃቡ ጊዜ ደሴ መንገድ ላይ የወጡ አያቶች ያሏችሁ አላችሁ። ስልካችሁን አውጡና አስቀምጧቸው፣ «አባባ፣ ከምርቱ ስንት ትሰጡ ነበር? ለማን? ባትሰጡስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መሀል ላይ አታቋርጧቸው። ሲያስሉም፣ ዝም ሲሉም ካሜራውን አታጥፉት። አንዲት እናት እኔ ዘንድ እንዲህ ቀርጻ ልካልኛለች፣ የአባቷ ነው፣ 40 ደቂቃ። 11ኛ ክፍልን አሰምቼበታለሁ። ክፍሉ ዝም ብሎ ያዳመጠበት ክፍለ ጊዜ ያን ብቻ ነው። በቴሌግራም ላኩልኝ፣ የሰውየውን ስምና ቀበሌውን ጻፉበት፣ ፈቃዳቸውንም ጠይቁ።